ቶናው ሳይቀዳ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጁላይ 1995 ቺካጎን የመታው ሙቀት ከ700 በላይ ሰው ፈጀ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ተመራማሪው ኤሪክ ክላይነንበርግ ሁለት አጎራባች ድሃ ሰፈሮችን አነጻጸረ። በሰሜን ላውንዴል ሱቁ ተዘግቶ፣ መንገዱ ጭር ብሎ፣ አዛውንቱ ደጁን ስለፈሩ በራቸውን ቆልፈው ቀሩ። በደቡብ ላውንዴል ግን መንገዱ ሞቅ ያለ ነበር፤ ሰው አይፈራም ነበር፤ አዛውንቱም ወጥተው ሱቅ ውስጥ በረድ ይላቸው ነበር። በሰሜኑ የሞት መጠኑ ብዙ እጥፍ ሆነ። ሰፈርን ማመን እስትንፋስ ነው ለካ!

በኛ ሰፈር ትናንት ቡና ተፈልቶ አንዲት እናት ቀሩ። ቶናው ሳይቀዳ አንድ ልጅ ተልኮ በራቸውን አንኳኳ። አሟቸው ተኝተዋል። ውሃ ያቀበላቸው ያ ልጅ ነው።