ሰርቨሩም ቄሰ ገበዝ ያሻዋል

(በዲማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር)



የብራና መጻሕፍቱ ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ የምእመናኑም መዝገብ በኮምፒውተር ተጽፎ በድረ ገጽ ይቀመጥ የሚለውን አሳባችሁን ሰምቻለሁ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ማሽኑ ከመገዛቱ አስቀድሞ ጠባቂው ማን እንደ ሆነ ልንነጋገር ይገባናል።

ሰርቨር ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ቀንና ሌሊት ሳይዘጋ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር የተቀመጠበትን አውጥቶ የሚያሳይ ኮምፒውተር ነው። ዕቃ ቤት ልንለው እንችላለን። ዕቃ ቤት ደግሞ በግንብና በቁልፍ ብቻ አይጠበቅም።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጠዋል፤ ፎቶግራፋቸውም በኢንተርኔት ይታይ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ዘራፊዎች የቤተ መጻሕፍቱን ሰርቨሮች ሰብረው መረጃውን ቆለፉ፤ ወደ 600 ጊጋባይት ሰነድ ሰርቀውም ገንዘብ ጠየቁ። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፈለም። ፎቶግራፎቹም ለረጅም ጊዜ ከዓይን ተሰወሩ። በኋላ ባወጣው ዘገባ፣ ዘራፊዎቹ ገቡበት ተብሎ የሚታመነው ሰርቨር ከይለፍ ቃሉ በቀር ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዳልነበረው ገልጿል። እኔን ይልቁን ያስደነቀኝ ሌላው ነው፤ የስብስቦቹ መጠባበቂያ ቅጂ በደኅና ተቀምጦ ሳለ፣ መልሶ የሚጫንበት ብቁ ማሽን አልነበረም።

ለንደንን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ባገለገልሁበት አንድ ሥራ በየሳምንቱ ቅጂ እንወስድ ነበር፤ ቅጂው የሚቀመጥበት ዲስክ ግን ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ የመብራት መስመር የተሰካ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ሁለቱንም አቃጠላቸው። የስምንት ወር መዝገብ ከወረቀት እንደ ገና ጻፍን። ያንኑ ወረቀት «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል» ብለን ልንጥለው አስበን እንደ ነበር አልሸሽጋችሁም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የገዳማትንና የአድባራትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት የጀመሩት ሰዎች በዚህ ከእኛ ይሻሉ ነበር። አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ በሚኒሶታ አኖሩ። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

የእኛም ቅጂ አንዱ በዚሁ በዲማ፣ ሌላው በደብረ ማርቆስ ይቀመጥ። በየሦስት ወሩም ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ይከፈት፤ የመጽሐፉ ገጽ በዓይናችን ፊት ካልተነበበ ቅጂ አለን ማለት አንችልም። የሶፍትዌሩ ማሻሻያ በየወሩ ይጫን። የይለፍ ቃሉን አንድ ሰው ብቻ አይያዘው፤ ሰው ይዛወራል፣ ይታመማልም።

ከሁሉ የሚከብደው ወጪው ነው። የእርዳታ ገንዘብ እንደ ልማዱ ማሽኑን ይገዛል፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ ያበቃል። የድረ ገጹ ስም ኪራይ፣ የኢንተርኔቱና የመብራቱ ክፍያ ግን በየዓመቱ ይመጣል። እኔ የፕሮጀክት ሠራተኛ ሆኜ ይህን መናገር ባይቀናኝም፣ ወጪው በሰበካው ዓመታዊ በጀት ካልተያዘ ሰርቨሩን ባንተክለው ይሻላል።

ስለዚህ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት ሁለት ሰዎች ምረጡ፤ አንዱ ከካህናት፣ አንዱ ከወጣቶች ይሁን። ሥልጠናውን በደብረ ማርቆስ እኔው እሰጣቸዋለሁ፤ ማሽኑ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።