በካሴቱ ጫፍ የቀረ ድምፅ
(በማኅበራችን ዓመታዊ የእራት ምሽት፣ ኦሎምፒያ አካባቢ፣ የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ክፍሉ ስለ ሙያችን ሳይሆን ስለምወዳቸው ዜማዎች እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ ግራ ገባኝ። ስለ ኮንክሪት ቢሆን ልኬት አለኝ፤ ስለ ሙዚቃ ግን ያለኝ ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ሊቅ ሳይሆን እንደ አንድ አድማጭ፣ ከልቤ ያልወጡትን ጥቂት ድምፆች አቀርብላችኋለሁ።

የመጀመሪያው በገና ነው። በዐቢይ ጾም የምንሰማው ይህ ባለ ዐሥር አውታር መሣሪያ፣ ያን የሚርገበገብ ድምፁን የሚያገኘው በየአውታሩ ሥር ከሚገባው እንዝራ ከሚባል ቁራጭ ቆዳ ነው። እኛ መሐንዲሶች ንዝረትን እንደ ጠላት እንቆጥራለን፤ በገና ደርዳሪ ግን አስቦ ያስገባዋል። የመምህር ዓለሙ አጋን ድርደራ በሰማሁ ቁጥር፣ ጉድለት የምንለው ሁሉ ጉድለት እንዳልሆነ ይገባኛል።

ሁለተኛው የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፈው ይህ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣውን መሣሪያ የአባቶቻችንን ሽለላ አስሸለለው። «ባህላዊ» እና «ዘመናዊ» እያልን ያሰመርነው መሥመር በእርሱ እስትንፋስ ይጠፋል።

ሌሊት ሥራ ሲያደክመኝ የምከፍተው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ያረፉት እኚህ መነኩሲት፣ የአውሮፓን ትምህርትና የአገራችንን ቅኝት ያለ ጠብ አስማምተዋል። የሱዳኑን መሐመድ ወርዲንም አልረሳም፤ ቋንቋውን ባላውቅም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቱ ከእኛው ስለሚቀራረብ፣ ጎረቤት ቤት የሚዘፈን ይመስለኛል።

የመጨረሻው ምርጫዬ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅግ ውስጥ በታተመው ሸክላ ሰማው፤ እኛ ግን አስቀድመን እናውቀው ነበር። እኔም ወጣት ሳለሁ ከጓደኛዬ ተውሼ ልቀዳው ባዶ ካሴት አጣሁ። ከመሳቢያ ያገኘሁትን አንዱን፣ ምን እንዳለበት ሳልሰማ፣ አስገብቼ ቀዳሁበት። በማግሥቱ እናቴ ያን ካሴት ፈለገችው። ለካስ አያቴ ጥጥ እየፈተለች ያንጎራጎረችው ነበረበት፤ አያቴም ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። እናቴ አልተቈጣችም፤ ካሴቱን ተቀብላ በነጠላዋ ጠረገችውና ወደ ቦታው መለሰችው። ተቈጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ካሴቱ ዛሬም በእጄ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ በጫፉ ጥቂት ሴኮንድ ተርፏል፤ አያቴ ጉሮሮዋን ስትጠርግና አንድ ቃል ስትጀምር ይሰማል፤ ከዚያ ክሩ ያልቃል። ቃሉ ምን እንደ ነበር ከእናቴ ጋር ብዙ ጊዜ አድምጠን ሳንለየው፣ እርስዋም ተከተለቻት።

ወዳጆቼ፤ የታወቁትን ድምፃውያን ሸክላ ሌላ ሰው ያስቀምጥልናል። የአያቶቻችንን ድምፅ ግን ከእኛ በቀር የሚያስቀምጥ የለም። እኛ የሥራውን ሥዕል ሳናስቀር ሕንፃ የማናስረክብ ሰዎች ነን፤ የቤታችንን ዜማ ግን ያለ ቅጂ ትተነዋል። የካሴት ክር ደግሞ በየዓመቱ ይደክማል። እንግዲህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ መሳቢያችሁን ክፈቱ፤ ከመቅዳታችሁ በፊትም አድምጡ።