ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት በቤታችን ሲታወክ ምን ማድረግ ይገባናል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ቤታችን ያለፈ ሥራ ብዙ መልካም ነገር ተነግሯል። እኔ ደግሞ በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ ስለሚያስደስተን፣ ሲቆም ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ ስለሚያስጨንቀው ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ኢንተርኔት ጥቂት ለመናገር ተነሥቻለሁ።

ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። አባት ቡናውን ሸጦ ወይም እናት የዕቁቧን ገንዘብ ጨምራ ለልጅ የገዙት ዕቃ፣ ዓመት ሳይሞላው ከማዕዘን ቆሞ አቧራ ሲጠጣ ማየት የሚያሳዝን ነው። ከዚህም በላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ስለዚህ ማውስ መያዝና ገጽ መግለጥ ያልለመደ ተማሪ፣ ትምህርቱን ጠንቅቆ እያወቀ በመሣሪያው ምክንያት ብቻ ሰዓቱን ሊያባክን ይችላል። እንግዲህ የቤታችን ኮምፒዩተር ሠርቶ መገኘቱ የወደፊት ዕድላችንን የሚነካ ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

በሀገራችን የስልክ ሥራ የተጀመረው በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ኢንተርኔት የገባው ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር፣ ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ ተማሪዎች ወይም መምህራን ነበራችሁና ታስታውሱታላችሁ። የፕላዝማው መምህር ከሳተላይት የሚመጣ ስለ ነበረ መብራት ሲጠፋ ቆሞ አይጠብቅም፤ መብራቱ ሲመለስ ትምህርቱ አልፎ ይገኝ ነበር። ዛሬ የተሻለ ዕድል አለን። ትምህርቱን በቤታችን ማስቀመጥና ደግመን ማየት እንችላለን፤ ነገር ግን ዕቃውን የመጠበቅና ችግሩን የመመርመር ኀላፊነት ከመንግሥትና ከትምህርት ቤት ወደ እያንዳንዳችን ቤት መጥቷል።

በየቢሮው «ሲስተም የለም» ሲባል እንሰማለን፤ በቤታችንም «ኔትወርክ የለም» ብለን ተስፋ እንቆርጣለን። ይህ ቃል «አመመኝ» እንደ ማለት ነው፤ የታመመው ራስ ይሁን ሆድ አይናገርም። ሐኪም በሽተኛውን በሥርዐት እንደሚመረምር እኛም ከቅርብ ወደ ሩቅ አራት ጥያቄ በተራ እንጠይቅ። ኤሌክትሪኩ ደኅና ነውን? ማሽኑ ደኅና ነውን? በቤት ውስጥ ያለው መስመር ደኅና ነውን? ከቤት ውጭ ያለውስ?

አንደኛው ኤሌክትሪክ ነው። በሀገራችን ቤቶች የሚገባው የኤሌክትሪክ ኀይል 220 ቮልት እንዲሆን የተወሰነ ቢሆንም፣ አንዳንድ ጊዜ ይዳከማል፣ አንዳንድ ጊዜም በድንገት ይጨምራል። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ብታነቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ መብራቱ ደከም ቢል ላፕቶፕ ይታገሣል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ኮምፒዩተር ግን የራሱ ባትሪ ስለሌለው፣ መብራት እልም ሲል የተጻፈው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ ያለው ዕቃ ጥቂት ደቂቃ ስለሚሰጠን፣ በዚያች ጊዜ ሥራችንን አስቀምጠን በሥርዐት እንዘጋለን። ዩፒኤስ መግዛት ያልቻለ ሰው በየአምስት ደቂቃው ሥራውን «ሴቭ» የማድረግ ልማድ ይኑረው፤ ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

እናቶቻችንም ይህን ይወቁልን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ላፕቶፕ ግን 60 ዋት ያህል ይበቃዋል። እንግዲህ አንድ ምጣድ የ50 ላፕቶፕ ያህል ኀይል ይስባል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ገመዱን ያግላል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ወዲያው አንሰካ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀን መርጋቱን እንይ። የካፋ ዝናብ ደግሞ ረጅም ወራት የሚቆይ ነው። ነጎድጓድ ሲሰማ የኤሌክትሪኩን ሶኬት፣ የኢንተርኔት መስመሩ የመዳብ ሽቦ ከሆነም የእሱን ጭምር መንቀል ያስፈልጋል፤ የመብረቅ ኀይል በሁለቱም ሊገባ ይችላልና። መንቀሉ ግን መብረቁ ሳይቃረብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ሁለተኛው ማሽኑ ነው። የቡና ገበሬ ቡናውን መሬት ላይ አያሰጣም፤ አልጋ ሠርቶ ነፋስ ከላይም ከታችም እንዲያገኘው ያደርጋል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነፋስ ይፈልጋል። በብርድ ልብስ ወይም በፍራሽ ላይ ያስቀመጥነው ላፕቶፕ የመተንፈሻው ቀዳዳ ስለሚደፈን ይግላል፤ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ራሱን ያጠፋል። ብዙ ሰው «ቫይረስ ገባበት» የሚለው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ሙቀት ነው። እርጥበትም ጠላቱ ስለሆነ፣ ከጭቃ ግድግዳና ከወለል ራቅ አድርጎ፣ ከምድጃው ጢስም አግልሎ ማስቀመጥ ይገባል።

እውነተኛው ቫይረስ ደግሞ በሀገራችን ብዙውን ጊዜ የሚዛመተው በፍላሽ ነው። ፍላሹን ስንከፍት ፎልደሮቻችን ወደ አጭር ማመልከቻ ተለውጠው እናገኛቸዋለን። ያን ጊዜ የምንደነግጠው ጽሑፋችን የጠፋ እየመሰለን ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አልጠፋም፣ ተሸሽጓል እንጂ። ማመልከቻውን የተጫነ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሣዋል። ስለዚህ ምንም ሳንጫን ፍላሹን በጸረ ቫይረስ ማስመርመር፣ ቀጥሎም የተሸሸጉ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ነው። «ፎርማት ይደረግ» የሚለውን ምክር በችኰላ የሚቀበል ግን የደበቀውን ብቻ ሳይሆን የተደበቀውንም ያጠፋል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለምን?

የቆየ ኮምፒዩተር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሽኑ መሥራቱን ባይተውም ጥበቃው ይላላል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር ዐቅም የሌለውን ማሽን ከመጣል፣ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስን ጭኖ ለጽሑፍና ለጥናት ማዋል ይቻላል።

ሌላም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ችግር አለ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቅ እንደ ሳንቲም ያለች ትንሽ ባትሪ አለች። ይህች ባትሪ ስትደክም ኮምፒዩተሩ ቀኑን ይረሳል። ያን ጊዜ አንዱ የቤተ ሰብ አባል በቅን ልብ ዓመቱን በእኛ አቈጣጠር 2018 ብሎ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱ ቢኖርም ገጾቹ «ይህ መስመር አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አንከፈትም ይላሉ። ምክንያቱ ይህ ነው። እያንዳንዱ የታወቀ ገጽ የሚጸናበት ቀን የተጻፈበት እንደ መታወቂያ ያለ የምስክር ወረቀት አለው፤ የእኛ 2018 ዓ.ም. በፈረንጆች 2025ና 2026 ላይ ስለሚውል፣ ወደ ኋላ የተመለሰው ኮምፒዩተር ወረቀቱን ገና ቀኑ ያልደረሰ አድርጎ ይቈጥረዋል። መድኃኒቱ ቀኑንና ሰዓቱን በፈረንጆች አቈጣጠር አስተካክሎ ማስገባት ነው። የእኛ ጧት 3 ሰዓት ለኮምፒዩተሩ 9 ሰዓት መሆኑንም አንርሳ።

ስለ ፊደላችንም አንድ ቃል ልጨምር። በአንዱ ኮምፒዩተር ያማረው የአማርኛ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ቅጥልጥል ወይም ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የየራሳቸው ስልት ነበራቸው። ስለዚህ በዩኒኮድ መጻፍን እንልመድ። ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለቁልፉ አይቸገርም፤ የአማርኛ ድርሰት ግን ይህን ጥንቃቄ ይሻል።

ሦስተኛው በቤት ውስጥ ያለው መስመር ነው። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዋይፋይ ከቤት እስከ አጥር በር እንዳለው መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ከበሩ ወጥቶ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ እንደሚወስደው አውራ ጐዳና ነው። ስልኩ የዋይፋይ ምልክት እያሳየ ገጽ ካልተከፈተ፣ የግቢው መንገድ ደኅና ሆኖ ጐዳናው ተቋርጦ ይሆናል። ራውተሩን አጥፍቶ ግማሽ ደቂቃ ቈይቶ ማብራት ብዙውን ጊዜ ይፈውሰዋል። ካልተፈወሰ መብራቶቹን እንመልከት፤ በፋይበር መስመር ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ መስመሩ ተቈርጦ ሊሆን ይችላልና ለድርጅቱ ማስታወቅ ነው።

በሲም ካርድ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይመርምር። አንደኛ ጥቅሉ አልቆ እንደ ሆነ ይይ። ኮምፒዩተር ሳይነግረን ራሱን ሲያድስ የወሩን ጥቅል በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል፤ በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚባለውን ብናበራ፣ መስመሩ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑን አውቆ አብዛኛውን ማደሻ ያዘገያል። ሁለተኛ የተቀመጠበትን ቦታ ይመልከት። ደናችን ሀብታችን ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮም በባዮስፌር መዝገቡ አስፍሮታል። ሆኖም የሬዲዮ ሞገድ በእርጥብ ቅጠል ሲያልፍ ይደክማል፣ ኮረብታ ይጋርደዋል፣ የቆርቆሮ ጣሪያም ይመልሰዋል። ስለዚህ ሞደሙን ወደ መስኮት ማስጠጋት ወይም ከፍ ማድረግ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

አራተኛው ከቤት ውጭ ያለው ነው፤ በዚህ ላይ ሥልጣን የለንም። ሀገራችን የባሕር በር ስለሌላት መልእክታችን በጎረቤት ሀገሮች አልፎ ከባሕር በታች ወደተዘረጋው ገመድ ይደርሳል፤ በዚያ ረጅም መንገድ አንዱ ቦታ ሲጐዳ ሁሉም ይጐዳል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋም የማማው ባትሪ ያልቃል። በዚህ ጊዜ የጎረቤትን ስልክ ማየት ጥሩ ፈተና ነው፤ የእሱም ካልሠራ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለምና ገመድ መነቃቀሉ ከንቱ ድካም ነው። ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ማስታወቅ ይቻላል። ስንደውልም «አይሠራም» ብሎ ከመዝጋት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆመና የትኛው መብራት እንደሚበራ እንናገር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።

ይሁንና መስመር እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። መስመሩ ቀለል በሚልበት በንጋት መጻሕፍትን አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ አንዱ ያወረደውን ንጹሕ በሆነ ፍላሽ ለአሥር ጓደኛ ማካፈል ይቻላል። ከቦንጋ ራቅ ብለው በዴቻ፣ በጨና፣ በጌሻ ላሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህ ትልቅ ውለታ ነው። የጻፍነውንም ሁልጊዜ በሁለት ቦታ እናስቀምጥ፤ ኮምፒዩተር ሲሰበር በገንዘብ ይተካል፣ የጠፋ ድርሰት ግን በገንዘብ አይመለስም። ወደ ጠጋኝ ከመውሰዳችንም በፊት ጽሑፋችንን ወደ ሌላ ቦታ እንገልብጥ፤ ዋጋውንና የሚለወጠውን ዕቃ አስቀድመን እንነጋገር። በስልክ «ኮምፒዩተርህን ላስተካክል» ብሎ የምስጢር ቁጥር ለሚጠይቅ እንግዳ ግን ፈጽሞ አንስጥ።

በመጨረሻም ሦስት ልመና አለኝ። ወላጆቻችን ሆይ፤ ኮምፒዩተሩ ለወንዱ ልጅ ብቻ የተገዛ አይሁን። ወንዱ ከማሽኑ ፊት ተቀምጦ እኅቱ ከቡናው ረከቦት ፊት ብቻ ብትቀር፣ በፈተናው ቀን ሁለቱ እኩል አይሆኑም፤ ተራ ይሰጣቸው፣ ሥራውንም ይከፋፈሉት። መምህራኖቻችን ሆይ፤ መብራት ጠፍቶበት የቤት ሥራውን ያላደረሰውን ተማሪ ከሰነፉ ለዩልን፤ ሰነፉም መብራቱን ማመኻኛ እንዳያደርገው ተቈጣጠሩ። ተማሪዎች ሆይ፤ ያወቅነውን አንሠስት። በየቅዳሜው ጥቂት ሰዓት በትምህርት ቤታችን ተሰብስበን የጎረቤትን ፍላሽ ብናጸዳ፣ የአንዲት እናትን ስልክ ብናስተካክል፣ ለታናናሾቻችን ማውስ አያያዝ ብናሳይ፣ የተማርነው ትምህርት በሥራ ተገለጠ ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው መረዳዳት ነው።

ትምህርት ቤታችን ከዚህ የበለጠ ዕድሜና ፍሬ እንዲያገኝ እየተመኘሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።