ለድመት የማይሆን ክኒን

ሰላም፦ ዳዊት፣ ድመትህን ቢያማት ምን ትሰጣታለህ?

ዳዊት፦ ግማሽ ፓራሲታሞል ነዋ! ለልጅስ እንሰጥ የለ?

ሰላም፦ ኧረ በስመአብ! አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ድመት ልትገድል ትችላለች።

ዳዊት፦ ለኛ ማስታገሻ፣ ለሷ መርዝ?

ሰላም፦ አዎ። ጉበቷ እንደኛ አያጣራውም። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል።

ዳዊት፦ ውሻ ግን ጠንካራ ነው፤ አጥንት የሚፈጭ!

ሰላም፦ አትሸወድ። አይቡፕሮፌን ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ደግሞ ከነማሸጊያው ነው የሚያኝከው።

ዳዊት፦ የኛ ቤት ክኒን ቴሌቪዥኑ ሥር ነው የሚቀመጠው...

ሰላም፦ ዛሬውኑ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፍበት።

ዳዊት፦ ከዋጠችስ? ወተት ልጋታት?

ሰላም፦ ወተት አያረክሰውም። ምልክት ሳትጠብቅ፣ ማሸጊያውን ይዘህ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጥ።

ዳዊት፦ ገባኝ፤ እኔ ለካ ሐኪም አይደለሁም!