ማሽኑና እጁ፦ የኃይሉ መርጊያ መድረክና የአድማጮቹ ክርክር

በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ ሙዚቀኛ መድረክ ሲወጣ አድናቂዎቹ በሁለት ጥያቄ ይከፋፈላሉ። የመጀመሪያው፣ ማሽን ምቱን እየመታለት፣ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ እየተለቀቀለት የሚጫወት ሰው በእርግጥ «ላይቭ» እየተጫወተ ነው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በአንድ ሥራ የተወደደ ሙዚቀኛ ስልቱን ሲለውጥ የቆየ አድማጩን ከዳ ይባላል ወይስ አደገ የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ ሥር የሰደዱ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ባለሙያ የሥራ ዘመን ውስጥ አጣምሮ ለማየት የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከሁሉም የተሻሉ ምሳሌ ናቸው።

የመሣሪያ ለውጥ በኤሌክትሪክ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የናስ መሣሪያ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የተቋቋመው ያ ባንድ መጀመሪያ ለሰልፍና ለቤተ መንግሥት ክብረ በዓል ያገለግል ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች አማካይነት ትራምፔትና ሳክስፎን የአማርኛ ዘፈን አጃቢ ሆኑ። ቀጥሎ ጊታርና ኦርጋን መጡ። ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምረው ሲመለሱ ቫይብራፎን ይዘው ገቡ፤ አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ላይ የጃዝን ኅብረ ድምፅ አስቀመጡ። በእያንዳንዱ ለውጥ «ይህ የእኛ አይደለም» የሚል ተነሥቷል። አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ ደግሞ ያው ድምፅ የአገሩ መታወቂያ ተብሎ ተቆጥሯል። ዛሬ የ1960ዎቹ የናስ ድምፅ ለብዙ ሰው «የድሮው እውነተኛ ሙዚቃ» ነው፤ በጊዜው ግን እንግዳ ነበር።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 በሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ራሳቸውን አኮርዲዮን አስተማሩ፤ ኦርጋንና ፒያኖ የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ኋላ የመጣውን አጨዋወታቸውን ለመረዳት ይጠቅማል። አኮርዲዮን ቁልፍ ያለው ቢሆንም ድምፁ የሚወጣው በነፋስ ነው። ወናፉ ሲሳብና ሲገፋ ድምፁ ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ይቆራረጣል። በአኮርዲዮን ያደገ እጅ ኪቦርድ ላይም ቢቀመጥ ዜማውን እንደ ትንፋሽ መክፈልን አይተውም።

በ1970ዎቹ ኃይሉ የዋልያስ ባንድ መሪ ኪቦርድ ተጫዋች ሆኑ። ባንዱ መደበኛ ሥራው በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽት ሕይወት ቀዘቀዘ። በትልልቅ ሆቴሎች ግን ከእላፊው በፊት የገባ ታዳሚ እስኪነጋ ይቆይ ስለነበር ባንዶቹ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። ረጅም ሌሊት ብዙ ዜማ ይጠይቃል። ዋልያስ ያለ ድምፃዊ በመሣሪያ ብቻ በመጫወት የታወቀውም በዚህ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቸ በለው» የተባለው ሸክላ ሙላቱ አስታጥቄ በእንግድነት የተሳተፉበት ሲሆን፣ በግርማ በየነ የተደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘውም በዚሁ ሥራ ነው። በዚህ ዘመን የኃይሉ ኦርጋን በከበሮ፣ በቤዝ ጊታርና በናስ መሣሪያዎች መካከል የሚንቀሳቀስ አንድ ድምፅ ነበር፤ ብቻውን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ለጉዞ ትርዒት ወደ አሜሪካ ሄደ። ከአባላቱ ከፊሉ ሲመለሱ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 በዚያው ከተማ ያለ ባንድ ብቻቸውን አንድ አልበም ቀረጹ፤ ሥራው «ሸሞንሟናዬ» በሚል ስም ይታወቃል። አኮርዲዮን፣ ሮድስ የተባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ድራም ማሽን ተደራርበው ተቀዱበት። መሣሪያዎቹ የየራሳቸው ባሕርይ አላቸው። ሮድስ ውስጥ ትንንሽ መዶሻዎች ቀጫጭን የብረት ዘንጎችን ይመታሉ፤ ስለዚህ የጣት ክብደት ድምፁ ውስጥ ይሰማል። በዘመኑ በብዛት ይሠራበት የነበረው ሙግ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ ዜማ ለመምራት ይመቻል። በ1983 ገበያ ላይ የዋለው ዲኤክስ 7 ደግሞ ድምፅን በዲጂታል ስሌት ይፈጥራል፤ በአንድ ጊዜ እስከ 16 ድምፅ ያወጣል። ድራም ማሽኑ የታዘዘውን ምት ሳይፈጥንና ሳይዘገይ ይደጋግማል። በዚህ በማይናወጥ ምት ላይ አኮርዲዮኑ ሲተነፍስ፣ ሙሉ ባንድ የማይሰጠው ጸጥታና ስፋት ያለው ሙዚቃ ተገኘ።

ይህ ሥራ የግለሰብ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የዘመን ምልክትም ነበር። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1984፣ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሔኖክ ተመስገንና አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታ የነበሩበት አድማስ ባንድ እዚያው ዋሽንግተን በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን የተሞላ አልበም አውጥቶ ነበር። አገር ቤትም ቢሆን ትልልቅ ባንድ ማስተዳደር እየከበደ ሄደ። ካሴት ሸክላን ተካ። አንድ አቀናባሪ በአንድ ኪቦርድ ከበሮውን፣ ቤዙንና የናስ ድምፁን ሁሉ መሥራት ቻለ። በ1990ዎቹ አብዛኛው የካሴት ዘፈን በዚህ መንገድ የተቀናበረ ነበር። የድሮውን ባንድ የሚናፍቅ አድማጭ ይህን ዘመን እንደ ውድቀት ያየዋል። ቅሬታው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ብዙ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ሥራ አጥቷል፣ ብዙ ቅንብርም አንድ ዓይነት ሆኗል። ሆኖም ያው ኪቦርድ ባይኖር ኖሮ በዚያ የስደትና የእጥረት ዘመን ጨርሶ ሳይቀረጽ የሚቀር ዜማ ብዙ ነበር።

ኃይሉ ከዚያ በኋላ ከመድረክ ራቁ፤ በዋሽንግተን አቅራቢያ በሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዱ ኖሩ። ኪቦርዳቸውን ግን ከመኪናው አልለዩም፤ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ዳግም መመለሳቸው የሚጀምረው በባሕር ዳር ነው። በዚያች ከተማ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ የ1985ቱን ሥራ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ በእሱ አሳታሚ ድርጅት በኩል ለዓለም ገበያ እንደገና ታተመ። ኃይሉ በስድሳዎቹ መጨረሻ ዕድሜያቸው ከአዲስ ትውልድ አድማጭ ጋር ተዋወቁ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮችም ይጋበዙ ጀመር።

የአድናቂዎች ክርክር የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ካሴቱን የወደደ አድማጭ የወደደው ብቸኝነቱን ነው፤ ለስላሳውን የማሽን ምት፣ የተደራረቡትን ኪቦርዶች፣ የቤት ውስጥ ቅጂ የሚመስለውን ቅርበት። መድረክ ላይ ያገኘው ግን ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ኪቦርድ፣ ቤዝና ድራም። ምቱ ይፋጠናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነሣል፤ ዜማው በካሴቱ ላይ ካለው ርዝመት አልፎ ይዘረጋል። ለአንዱ ወገን ይህ መድረኩ የሰጠው ትርፍ ነው። ለሌላው ወገን ደግሞ ያ ልዩ ድምፅ ጠፍቶ የተለመደ የጃዝ ቡድን ተተክቷል። ዋልያስን በሒልተን የሚያስታውስ አድማጭ በበኩሉ ሦስተኛ ሐሳብ ይኖረዋል፤ ለእሱ ከሰው ጋር መጫወት የኃይሉ ነባር መንገድ ስለሆነ፣ ለየት ያለው የማሽኑ አልበም እንጂ የመድረኩ ቡድን አይደለም። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ነው፤ ልዩነታቸው ሰውየውን ያወቁበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ላይቭ» ምንድን ነው የሚለው፣ መልስ የሚያገኘው የመሣሪያውን ዓይነት በመቁጠር አይደለም። የጀርመኑ ባንድ ክራፍትቨርክ በሙዚቀኞቹ አምሳል የተሠሩ አሻንጉሊቶችን መድረክ ላይ አቁሞ ጥያቄውን ራሱን ትርዒት አድርጎታል። ሙዚቀኛው በዚያች ሰዓት የሚወስነው ነገር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የተሻለ መለኪያ ይሰጣል። ከበሮ እየመታ የተቀዳውን ቅንብር ነጥብ በነጥብ የሚደግም ባንድ የሚወስነው ጥቂት ነው። ላፕቶፕ ፊት ቆሞ የትኛው ድምፅ ይግባ፣ የትኛው ይውጣ፣ ምቱ መቼ ይቁም የሚለውን ከታዳሚው ስሜት እያነበበ የሚመርጥ ሰው ደግሞ በየደቂቃው ይወስናል። ሙሉ ዘፈን ከፍቶ ከንፈር የሚያንቀሳቅስ ግን ምንም መሣሪያ ቢይዝ አልተጫወተም። አድማጭ በፕሌይባክ ላይ የሚያነሣው ቅሬታ ተገቢ የሚሆነው በዚህ መሠረት ላይ ሲቆም ነው።

የኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞችም በዚሁ መለኪያ ይታያሉ። «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአገር ቤት መሣሪያዎችንና ዜማዎችን ድምፅ በኮምፒዩተር እየቆራረጡና እያዋሐዱ አዲስ መንገድ ከፍተዋል፤ የሚካኤል «ዘላለም» በ2016 ወጥቷል። ሮፍናን ኑሪ በ2018 «ነጸብራቅ» በተባለው አልበሙ የጭፈራ ቤቱን የኤሌክትሮኒክ ምት ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር አዋሕዶ ይህን ሙዚቃ ለሰፊው ሕዝብ አደረሰ። በ2022 «ስድስት» ሲከተል ሁለቱን ሥራዎች ማወዳደር የአድናቂዎቹ ወግ ሆነ። ዲጄ፣ ድምፃዊና አቀናባሪ በአንድ ሰው ሲጠቀለሉ መድረኩ ላይ ከእነዚህ የትኛው ይታይ የሚለው ጥያቄ በተፈጥሮው ክርክር ይጋብዛል።

ሁለተኛው ጥያቄ የስልት ለውጥ ነው። ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ1965 በኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት ከታዳሚው ከፊሉ ጮኾ ተቃውሟል፤ ዛሬ ያ ምሽት የታሪክ ምዕራፍ ነው። ከዚህ «ለውጥ ሁሉ ትክክል ነው» የሚል ድምዳሜ መውሰድ ግን ስሕተት ይሆናል። ለውጥ የሚመዘነው ከሥራው አጥንት ምን እንደቀረ በማየት ነው። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ2018 ከረጅም ዓመታት በኋላ አዲስ ያወጡት «ላላ በሉ» በትዝታ ይከፈታል። ሰፊው ትዝታ አኮርዲዮንን ይዞ በዝግታ ይነሣና ምቱን እየለወጠ ይሄዳል፤ አልበሙ የሚዘጋው ደግሞ በብቸኛ ፒያኖ ነው። ድራም ማሽኑ የለም፤ ሰዎች ተክተውታል። የዜማው አከፋፈል፣ ሐረጉ የሚያርፍበት ቦታ፣ ጌጡ የሚገባበት ቅጽበት ግን የ1985ቱ እጅ ነው። በ2020 «የኔ ምርጫ» ላይ ማሲንቆ ሲገባም አልተጋጨም፤ ኪቦርዱ ከጥንቱም እንደ ማሲንቆ ያዜም ነበርና።

ማሽን የአገር ዜማን ሲሸከም የሚገጥሙት እውነተኛ ችግሮችም አሉ። ኪቦርድ አንዱን ስምንዮሽ በ12 እኩል ክፍሎች ይቆርጣል፤ ማሲንቆና ክራር ግን በተጫዋቹ ጆሮ ስለሚቃኙ ከዚህ ክፍፍል ወጣ ያሉ ድምፆችን ይይዛሉ። በተለይ አንቺሆዬ ቅኝት በኪቦርድ ሲጫወቱት ጠርዙ ይዶለዱማል። ማሲንቆ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ሲሄድ፣ ኪቦርድ ያለ ድምፅ ማጠፊያ ጎማው እርዳታ ይዘላል። የችክችካ ምትም እንዲሁ ነው። በስድስት ይቆጠር እንጂ ሕይወቱ በመካከሉ ባለው ትንሽ መዛነፍ ነው፤ ማሽን በእኩል ሲከፍለው ጭፈራው ይደርቃል። እነዚህን ችግሮች የሚፈታው ሙዚቀኛው እንጂ መሣሪያው አይደለም፤ መፍትሔውም የሚጀምረው የባሕል መሣሪያውን ጠንቅቆ ከመስማት ነው።

ጉዳዩ የዋሽንግተንና የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በአዊ አካባቢ፣ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ እንዳለችው ግምጃ ቤት ባለ ከተማ፣ ሠርግ ላይ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክሮፎንና ሁለት ስፒከር ሙሉ ባንድ ይተካሉ። ተጫዋቹ በግራ እጁ የተዘጋጀውን ምት ያስነሣል፣ በቀኙ ዜማውን ይከተላል። ጭፈራው ሲሞቅ የፍጥነት ቁልፉን አንድ ሁለት ደረጃ ከፍ ያደርጋል፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ ምቱን አቁሞ ጭብጨባውንና እልልታውን ብቻ ይተዋል። ይህ ሰው በማሽን ይጫወታል፣ ጨዋታው ግን ሕያው ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። አንድ የአዊኛ ዘፈን ኪቦርዱ ውስጥ ተዘጋጅቶ በተገኘ ምት ላይ እንዲሁ ሲጫን የራሱን አካሄድ ያጣል፤ ከአካባቢው ጭፈራ ጋር የተስማማ ምት ተቀርጾ ሲገባበት ደግሞ መልኩን ይዞ ለቀጣዩ ትውልድ ይደርሳል። ያንን ምት ለመቅረጽ ዘፈኑን ከአገሬው አፍ፣ እርግጫውን ከጨፋሪው እግር መማር ያስፈልጋል።

ስለዚህ የአድናቂዎች ክርክር ሙዚቃውን ይጠቅመዋል፤ ቅድመ ሁኔታው ትክክለኛውን ነገር መመዘኑ ነው። ማሽን መኖሩ ጨዋታን አይገድልም፣ ባንድ መኖሩም ሕይወት አይሰጠውም። ስልት መለወጡ ክህደት፣ ባለበት መቆሙም ታማኝነት አይደለም። ሙዚቀኛው በታዳሚው ፊት እየወሰነ ከሆነ፣ ቅኝቱንና ምቱን አውቆ ከያዘ፣ መሣሪያው ቢለዋወጥም ሥራው የራሱ ነው። ካሴቱን የሚወድ ካሴቱን፣ መድረኩን የሚወድ መድረኩን ይወድዳል፤ ሁለቱም በየፊናቸው ሙሉ ሥራዎች ናቸው። የኃይሉ መርጊያ የብዙ አሥርት ዓመታት ጉዞ፣ ከአኮርዲዮን ወደ ኦርጋን፣ ከኦርጋን ወደ ሲንተሳይዘር፣ ከማሽን ተመልሶ ወደ ሰው፣ ይህን በተግባር አረጋግጧል።