ከቀመሩ በፊት ሥዕሉ፦ ኳድራቲክ እኩልዮሽን ስለ ማስተማር



ንግግሬን ከአንድ የፈተና ወረቀት እጀምራለሁ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች (ሀ − 3)² = 16 የሚል ጥያቄ አቅርቤ ነበር። ካሬው 16 የሆነ ቁጥር 4 ወይም −4 ነው፤ ስለዚህ ሀ 7 ወይም −1 ይሆናል። ሥራው ከሁለት መስመር አያልፍም። አንድ ትጉ ተማሪ ግን ቅንፉን ዘርዝሮ፣ 16ን ወደ ግራ አሻግሮ፣ ሀ² − 6ሀ − 7 = 0 የሚለውን ካገኘ በኋላ፣ በቃሉ በያዘው ቀመር ግማሽ ገጽ ሞላ። መልሱ ትክክል ስለ ነበር ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። በኋላ ጠርቼ «ቀመሩ ከየት መጣ?» ብዬ ብጠይቀው «ከመጽሐፉ» አለኝ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ የእኛ የመምህራኑ ነው።

ቀመሩ የመጣው ከካሬ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው አል-ኽዋሪዝሚ፣ «አልጀብራ» የሚለው ስም ከመጽሐፉ ርእስ የተገኘለት ሊቅ፣ ያለ አንዳች ምልክት በተራ ቃላት ይጽፍ ነበር። ከታወቁት ምሳሌዎቹ አንዱ በዛሬው አጻጻፍ ሀ² + 10ሀ = 39 ነው።

እስቲ እንሣለው። በመጀመሪያ ጎኑ ሀ የሆነ ካሬ ሣሉ። 10ሀን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ርዝመታቸው ሀ፣ ወርዳቸው 5 የሆነ ሁለት ቁራጮችን አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን ከታች ለጥፉ። የሦስቱ ስፋት ድምር 39 ነው። ማዕዘኑ ላይ ግን 5 በ5 የሆነ ካሬ ይጎድላል። ያንን 25 ስንጨምር ምስሉ ሙሉ ካሬ ይሆናል፤ ስፋቱም 64። የትልቁ ካሬ ጎን 8 ስለሆነ፣ 5 ሲቀነስ ሀ = 3 ይሆናል። «ካሬ መሙላት» የምንለው በእርግጥም የጎደለን ማዕዘን መሙላት ነው። ቀመሩም ይኸው ሥራ ለማናቸውም ቁጥሮች አንድ ጊዜ ተሠርቶ የተቀመጠበት ነው።

ሆኖም በሥዕሉ ብቻ ብንቀር ሌላ ስሕተት ላይ እንወድቃለን። እኩልዮሹን −13ም ያሟላል፤ 169 − 130 = 39 ነውና። ነገር ግን ጎኑ −13 የሆነ ካሬ የለም፤ አል-ኽዋሪዝሚም የሰጠው መልስ 3ን ብቻ ነው። ፈንክሽን የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ለ = ሀ² + 10ሀ − 39 ብለን ካሬውን ብንሞላ፣ ለ = (ሀ + 5)² − 64 እናገኛለን። የግራፉ ዝቅተኛ ነጥብ ሀ = −5 ላይ ነው፤ አግድሙን መስመር የሚያቋርጠውም ከዚያ በቀኝና በግራ 8 ርቀት ላይ፣ ማለትም በ3 እና በ−13 ነው። 5 እና 8 ቀድሞ በሥዕሉ ያየናቸው ቁጥሮች ናቸው። እኩልዮሹንና ፈንክሽኑን በተለያየ ጊዜ ብናስተምራቸውም ነገሩ አንድ መሆኑን ተማሪው ማየት አለበት።

«ጊዜ የለንም፤ ፈተና ደርሷል» የሚል መልስ እሰማለሁ። እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ። ነገር ግን ተማሪዎቻችን በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው ሲከብዳቸው መሸምደድ መሸሸጊያ ይሆናቸዋል። ሥዕሉን ግን አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ሊያስረዱት ይችላሉ። ቀመሩን የረሳ ተማሪ ሥዕሉን ካስታወሰ መልሶ ያወጣዋል፤ ሥዕሉን ያላየ ግን የሚጀምርበት የለውም።

ስለዚህ ነገ መምህራን የምትሆኑትን አንድ ነገር እለምናለሁ። ቀመሩን በሰሌዳ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለወረቀትና ለመቀስ ስጡ። በፈተናችሁም ላይ «25 ለምን ተጨመረ?» የሚል አንድ ጥያቄ አስገቡ።