መድኃኒቷን ከመጠየቃችን በፊት ምሳዋን እንጠይቃት

(በእንሴኖ በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ቁጠባችን ማደግ አይደለም። አንዲት እህታችንን እንዴት እንደበደልናት ነው። ታሪኩን የምናነሳው እሷው ፈቅዳልን ነው፤ ስሟን ግን አንጠራም።

ይህች እህታችን የአእምሮ ሕመም ነበረባት። ታክማ ተሽሏት ነበር። በርበሬ ስንቀነጥስ አብራን ትቀነጥሳለች፤ ሳምንታዊ ቁጠባዋንም አታስተጓጉልም። ክረምቱ ገብቶ የየቤታችን እህል ሲያልቅ ግን ነገሯ ተለወጠ። ቡና ላይ ስንቀመጥ ቆሎውን ብቻዋን ትጨርሰዋለች። መጀመሪያ ሳቅን። ቆይተን ሰፌዱን ከእሷ ማራቅ ጀመርን። “ጠባይዋ ነው” ተባባልን። ከዚያ መድኃኒቷን መተዋን ሰማን። “ለምን?” ስንላት “ከበደኝ” ብቻ አለችን። አሁንም “እምቢተኛ ናት፣ ጠባይዋ ነው” አልን። ሕመሟ ተመልሶ መጣ፤ ከስብሰባ ቀረች። እኛም በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ቅጣት ጻፍንባት፤ በመጨረሻም ከመዝገብ ሰረዝናት።

ከወራት በኋላ ሦስት ሆነን ልንጠይቃት ሄድን። ያን ቀን የነገረችን ከጆሯችን አይጠፋም፦ “ኪኒኑን ስውጠው ሆዴ ይከፈታል። ቤት ያለው ደግሞ ለልጆቹም አይበቃም። ከልጆቼ አፍ እየነጠቅሁ ልዳን?”

አባቶቻችን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ። እሷ ግን የደበቀችው በሽታዋን አልነበረም፤ ረሃቧን ነው። እኛ ደግሞ ረሃቡን ጠባይ አልነው።

እህቶቻችን፣ ይህ የአንዲት ሴት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአእምሮ ሕመም ላይ በአገራችን ከተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው እዚሁ ቅርባችን፣ በቡታጅራና በዙሪያዋ፣ በዚያን ጊዜው መስቃንና ማረቆ ወረዳ ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎችም ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። በ10 ዓመት ውስጥ ከእነዚህ 121ዱ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ያህል ያጠረ ነበር። ከሁሉ በላይ የገደላቸውም ተላላፊ በሽታ ነው። የአእምሮ ሕመም አይገድልም ስንል የኖርን ሰዎች ይህን ቆም ብለን እናስበው።

ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ለምን ያቋርጣሉ የሚለውንም ዶክተር ሰለሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው በዚሁ በቡታጅራ አጥንተዋል። ሕመምተኞቹን፣ አስታማሚዎቹንና የጤና ባለሙያዎቹን ነበር የጠየቁት። በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ጎልተው ከታዩት ምክንያቶች አንዱ የምግብ ማጣት ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ የተከፈተውን ሆድ የሚሞላ ነገር ግን ቤት ውስጥ የለም። እህታችን በሁለት ዓረፍተ ነገር የነገረችን ይህንኑ ነው። እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉ መድኃኒቶች ይህ ጠባይ አላቸው። እንግዲህ ጠባዩ የመድኃኒቱ ነበር፤ የእሷ አልነበረም።

ከቡታጅራ በስተሰሜን በሶዶ ወረዳ ደግሞ ከበደ ትርፌሳና ባልደረቦቻቸው የቤተሰቦችን የምግብ እጥረት አነጻጽረዋል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሚኖሩባቸው ቤቶች ከ100 ወደ 32ቱ በከባድ የምግብ እጥረት ውስጥ ነበሩ፤ ከሌሎቹ ቤቶች ግን ወደ 16ቱ። እጥፍ ማለት ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የታመመ ሰው መሥራት ያቅተዋል፤ አስታማሚውም ከሥራ ይውላል፤ ጎረቤት ይርቃል፤ ብድር የሚሰጥ ይጠፋል። ረሃቡ ሕመሙን ያብሳል፣ ሕመሙ ረሃቡን ያመጣል። ነገር ግን እዚያው ሶዶ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው በቅርብ ሲሰጥ የእነዚህ ቤተሰቦች የምግብ ችግር እንደቀነሰም ታይቷል። ስለዚህ የሚፈታ ነገር ነው።

ስለ “ጠባይ” አንድ ነገር እንጨምር። ሕመም የአመጋገብን ነገር ይለውጣል። ከባድ ድብርት የያዘው ሰው አንዳንዱ ምግብ ያስጠላዋል፤ አንዳንዱ ከወትሮው በላይ ይበላል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የስብዕና መታወክ የሚሉት ሌላ ችግርም አለ፤ ከወጣትነት ጀምሮ የቆየ፣ ከራስም ከሰውም ጋር መኖርን የሚያከብድ ነው። እሱም ቢሆን ስድብ አይደለም፤ የሚለየውም ባለሙያ በጊዜ ብዛት መርምሮ ነው እንጂ ቡና ላይ የተቀመጥን እኛ አይደለንም። የበላችውን ቆጥረን የሰው ጠባይ መወሰን ከእንግዲህ ይቅርብን።

ታዲያ ምን እናድርግ? አራት ሐሳብ ይዘን መጥተናል።

አንደኛ፣ የታመመች እህት ቤት ስንሄድ “መድኃኒትሽን ወሰድሽ?” ከማለታችን በፊት “ምን በላሽ?” እንበላት። ባዶ እጃችንንም አንሂድ፤ ጥቂት ቆጮም ቢሆን፣ አንድ ጣሳ በቆሎም ቢሆን።

ሁለተኛ፣ ከማኅበራዊ ፈንዳችን ላይ እህል ርካሽ በሆነበት ጊዜ በቆሎ ገዝተን እናስቀምጥ፤ በሐምሌና በነሐሴ መድኃኒት ለሚወስዱ አባሎቻችን እንዲደርስ።

ሦስተኛ፣ በሕመም ምክንያት የቀረች አባል እንዳትቀጣ፣ እንዳትሰረዝም ደንባችንን እናሻሽል።

አራተኛ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ሆነ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ አንዳችን አብረናት እንሂድ፤ ረሃቡን ለባለሙያው ደፍራ እንድትናገር እናግዛት። መጠኑን ማስተካከል፣ ሰዓቱን ከምግብ ጋር ማስማማት ወይም መድኃኒቱን መለወጥ የባለሙያው ሥራ ነው። ማንም በራሷ አታቋርጥ፤ ማንኛችንም “ተይው” አንበላት።

ለጋሾቻችን ሆይ፣ ለሕክምናና ለመጓጓዣ ስለምትረዱን እናመሰግናለን። ከዚህ በኋላ እቅድ ስንልክላችሁ ከመድኃኒቱ ሒሳብ አጠገብ የእህል ሒሳብ ታያላችሁ። የቀለብ እርዳታ ነው ብላችሁ እንዳትለዩት፤ የሕክምናው አካል ነው።

እህታችን ወደ ሕክምናዋ ተመልሳለች። ስሟን በመዝገባችን መልሰን ጽፈናል፤ የጻፍንባትንም ቅጣት ሰርዘናል። ይቅርታም ጠይቀናታል። እሷም “እናንተም አላወቃችሁም” አለችን። አሁን ግን አውቀናል። ስለዚህ ከቡናው በፊት በአራቱ ሐሳቦች ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ ድምፅ እንድትሰጡ እንለምናለን።